የድሬ ውሃና የኔ ምላጭ

ምላጬ ጥቁር የለበሰው አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ያለበስኩት እኔ ነኝ፣ በግማሽ ሎሚ። ስለቱ ላይ የታየችኝን ነጭ ነጠብጣብ ላስለቅቅ ብዬ ሎሚውን በጥጥ ቀባሁት። በመሀል ስልክ ጮኸ። አንድ ኮንቴይነር ወረቀት ጎደለው ተብሎ ስጨቃጨቅ ሩብ ሰዓት አለፈ (ትራንዚተር ነኝ፤ እኛ ሰፈር እሑድ የሚባል ቀን የለም)። ስመለስ ያ መስታወት የሚመስል ብረት ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ጠበቀኝ። ብጠርገው አይለቅ፣ ባጥበው አይለቅ። ባለቤቴ በበሩ ብቅ ብላ «ደሞ ዛሬ ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ልክ ስለ ልጅ እንደሚጠየቀው።

ምላጭ ስል ያቺን በወረቀት ተጠቅልላ ሱቅ የምትሸጠውን ማለቴ አይደለም። የድሮ ፀጉር አስተካካዮች ይዘውት የነበረውን፣ ከእጀታው ተዘርግቶ የሚወጣውን፣ ሲያበቃ ታጥፎ እዚያው እጀታው ሆድ ውስጥ የሚተኛውን ነው። በ2012 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ማዳበሪያ አንጥፈው የዛገ ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ የፋኖስ አንገት፣ አንድ እግር የሌለው መነጽር ከሚሸጡ እናት ገዛሁት። 150 ብር አሉኝ። መቶ ብዬ ጀመርኩ። «አቦ ልጄ፣ ብረት እኮ ነው!» ብለው ሲስቁብኝ አፈርኩና ያሉትን ከፈልኩ።

አንገቱ ላይ በደከመ ፊደል «ቲዬር» ተቀርጾበታል። ቲዬር የፈረንሳይ ከተማ ናት። ለእንግሊዝ ሼፊልድ፣ ለጀርመን ዞሊንገን እንደሆኑት ሁሉ ፈረንሳዮችም ቢላና ምላጭ ሲሉ ቲዬርን ነው የሚያነሱት። እዚህ መድረሱ አይገርመኝም። ድሬ ራሷ በ1902 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዮቹ ሀዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት ከግርጌው ሲቆም የተወለደች ከተማ ናት። ከዚራ ሰፈር ውስጥ የኖሩት የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች፣ ግሪኮቹ፣ አርመኖቹ፣ ሁሉም ጺም ነበራቸው። ለኔ ይሄ በቂ ማስረጃ ነው።

ምላጩን ይዤ የሄድኩት መጋላ ሰፈር ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ይወስደኝ የነበረው እሳቸው ጋ ነው፤ ወንበሩ ላይ ጣውላ አጋድመው ከፍ አድርገው ያስቀምጡኝ ነበር። ዛሬም ጋሼ ነው የምላቸው። ምላጩን ሲቀበሉኝ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አውራ ጣታቸው ላይ አልሞከሩትም። በር ላይ ወጡና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለቱን ወደ ፀሐይ አቀኑት።

«ይታይሃል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ስለቱ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር።»

አዎ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያበራል።

«እንግዲያው ስለት የለውም። ስለት አይታይም። ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ካገኘ ደንዟል ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፣ ቪዲዮ አይቻለሁ። እሳቸው በር ላይ ቆመው ከነገሩኝ የተሻለ መለኪያ ግን አላገኘሁም። በደንብ የተሳለ ምላጭ ጫፉ ከ0.001 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የጺም ፀጉር ውፍረት ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ተመልሶ ወደ ዓይን እንዲመጣ የሚያርፍበት ሜዳ ያስፈልገዋል። እውነተኛ ስለት ሜዳ የለውም።

ጋሼ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ የምላጭ ማለስለሻ ቆዳውን አሁንም አንጠልጥለውታል፤ ምላጩን ግን ካስቀመጡት ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ኤች አይ ቪ በመጣ ጊዜ ደንበኛው ሁሉ «አዲስ ምላጭ በፊቴ ይቀደድልኝ» ማለት ጀመረ። ልክም ነበር። ምላጭ ከሰው ወደ ሰው መዛወር የለበትም፤ የጉበት ቫይረስም በዚያው መንገድ ይሄዳል። አሁን ባለ ሁለት ስለቷን ወረቀቷ ውስጥ እንዳለች ለሁለት ይሰብሩና ግማሿን መያዣው ውስጥ አስገብተው ይሠራሉ፣ ሲጨርሱ ይጥሏታል። እኔም ይሄን ሁሉ የማወራው የራሱን ምላጭ ለራሱ ፊት ብቻ ለሚይዝ ሰው ነው። አማቼም ቢለምኑኝ አላውስም። ለምነውኝ ያውቃሉ።

ስለ መሳል ብዙ አልልም። ድንጋዮቼ በቁጥር ይጠራሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ ይለዝባል። የደነዘ ምላጭ ከ1000 ይጀምራል፣ 4000 እና 8000 ላይ ይለሰልሳል፣ 12000 ላይ ይጨርሳል። ማዕዘኑን መገመት የለም፤ ምላጩን የሠራው ሰው ጀርባውን ወፍራም፣ ሆዱን ገባ ያለ አድርጎ የሠራው ለዚህ ነው። ጀርባውም ስለቱም እኩል ድንጋዩ ላይ ከተኙ ማዕዘኑ ራሱ ይመጣል። ጀርባውን ትንሽ ካነሳኸው ግን ስለቱን ገደልከው። በዓመት ሁለቴ ድንጋይ ካየ ይበቃዋል። ወይም ይበቃዋል ተብሎ ይገመታል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ዕለታዊው ሥራ ቆዳው ላይ ነው። ቆዳዬን ያገኘሁት መጋላ ካለ ጫማ ሠሪ ነው፤ ስድስት ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት፣ ለስላሳ የበሬ ቆዳ። ከጀርባው ሸራ ሰፋልኝ። አንዱን ጫፍ የመስኮቱ ብረት ላይ አንጠልጥዬ ሌላውን ጫፍ ወጥሬ እይዛለሁ። ከረገበ ይጎብጣል፣ ከጎበጠ ደግሞ ስለቱን እየጠቀለለ ያደነዝዘዋል። ምላጩን ጋደም አድርጎ ጀርባውን ማስቀደም ነው፤ ስለቱ ይከተላል። ጫፍ ሲደርስ በጀርባው መገልበጥ፣ ተመልሶ መምጣት። በስለቱ በኩል የገለበጠው ሰው ቆዳውን ይበላዋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቦታ በልቼዋለሁ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ጋሼ ባዩት ቁጥር በጣታቸው ይቆጥሩታል። ኃይል አያስፈልግም፣ የምላጩ የገዛ ክብደት ይበቃል። ሸራው ላይ 20፣ ቆዳው ላይ 40 ምልልስ። ድምፁ ሽው ሽው ካለ ደህና ነው፤ ጭርር ካለ ቆም ብሎ ማየት ነው።

ቆዳው ሳይኖረኝ በፊት በጋሼ ምክር አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ነበር የማሸው፤ ለስላሳ ጣውላ ላይ አጣጥፎ ማንጠፍ ነው። ቀልድ አይደለም፣ የሕትመት ቀለም ውስጥ ያለው ጥላሸት በጣም ልም ስለሆነ ስለቱን ይወለውለዋል። ጋሼ የስፖርት ገጹ ከርዕሰ አንቀጹ ይሻላል ይላሉ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው ሳቁ።

እና ይህን ሁሉ እያደረግሁ ምላጩ ሳምንት አይቆይም ነበር። ሰኞ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ይሄዳል፣ ሐሙስ መጋዝ ይሆናል። ዓርብ አንገቴ ቀይ ሽፍታ አውጥቶ ቢሮ እገባለሁ። መጀመሪያ ድንጋዩን ጠረጠርኩ። ሌላ ሰው ከውጭ ሲመጣ ሌላ ድንጋይ አስመጣሁ፤ ያው ነው። ቆዳውን ጠረጠርኩ። የድሬን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ቆዳ ላይ ካረፈች ስለቱን ትሸርፋለች። ስለዚህ ቆዳውን በአሮጌ ሽርጥ ጠቅልዬ ማስቀመጥ ጀመርኩ፣ ከመጠቀሜ በፊት በመዳፌ አሻሸዋለሁ። ጥሩ ልማድ ነው፣ እስከ ዛሬም አደርገዋለሁ፤ የመዳፍ ወዝ በሙቀት እንዳይሰነጠቅም ይረዳዋል። ሐሙስ ግን ሐሙስ ነው።

ቀጥሎ ጺሜን ጠረጠርኩ። ይሄ የሚያስቅ ቢመስልም መሠረት አለው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ምላጭ ፀጉር ሲቆርጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ እያዩ ተከታትለው ነበር። ብረቱ ከፀጉሩ 50 ጊዜ ያህል ይጠነክራል፤ ፀጉሩ ግን ብረቱን ይሸርፈዋል። ስለቱ እንደ እርሳስ ጫፍ ቀስ በቀስ እየተበላ አይደለም የሚያልቀው፤ ፀጉሩ ሲቆረጥ ጎበጥ ካለና ብረቱ ውስጥ ጠንካራና ለስላሳ ክፍል የሚገናኙበት ቦታ ላይ ካረፈ፣ ከዚያ ቦታ ፍርፋሪ ይነሳል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጺሜን ሦስት ደቂቃ ሙሉ በሙቅ ውሃ ማለስለስ ጀመርኩ። የፊቴን ቆዳ በግራ እጄ ወጠር፣ ምላጩን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጀርባው ከፊቴ የሚርቀው የጀርባውን ውፍረት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ተሻሻለ። ሐሙስ ወደ ዓርብ ተገፋ።

ነገሩን የፈታው ሰዓት ሠሪ ጓደኛዬ ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ መጋላ ውስጥ አንዲት የመስታወት ሣጥን ከፊቱ አድርጎ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ ይቀመጣል። ባርጫ (የጫት) ሰዓት ላይ ደረስኩበትና ምላጩን ዘርግቼ ሰጠሁት። ማጉያውን አስጠግቶ ብዙ ዝም አለ።

«ዋሪያ፣ ይሄ ነገር ጨው ተነስንሶበታል እንዴ?»

«የምን ጨው?»

«ና እይ።»

በአሥር እጥፍ ማጉያ ስለት አይታችሁ ካላወቃችሁ አንድ ቀን እዩት። በባዶ ዓይን ልሙጥ መስሎ የሚታየው ብረት ከድንጋዩ የቀሩ ትይዩ ጭረቶች የሞሉበት የታረሰ ማሳ ነው። በማሳው ዳር፣ ልክ ስለቱ አፍ ላይ፣ ነጭ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ክብ ናቸው፣ ጠርዛቸው ወፈር ብሎ መሀላቸው የሳሳ፣ ውሃ ጠብ ብሎ የደረቀበት ምልክት። በአንዷ ግርጌ ስለቱ ላይ ትንሽ ጉርድ አለ፣ አይጥ የነከሰችው ይመስላል።

የድሬ ሰው ይህን ነጭ ነገር ለማወቅ ማጉያ አያስፈልገውም። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩ። ሻወሩን እዩ፣ ግማሹ ቀዳዳ የተደፈነውን። ካልሲየም ነው። ተራሮቻችን የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካው እዚህ የተተከለው ለምን ሆነና? ዝናቡ በዚያ ድንጋይ ውስጥ እየሰረገ ወርዶ ነው ከጉድጓድ የምንቀዳው፣ ሲወርድም እያሟሟ ይዞት ይመጣል። ውሃው ሲተን ካልሲየሙ ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ላይ ሲቀር ቅርፊት ነው፣ ትፈቀፍቀዋለህ። ውፍረቱ ከ0.001 ሚሊ ሜትር ባነሰ ስለት ላይ ሲቀር ግን ተራራ ነው።

እኔ ደግሞ በማግስቱ ያንን ተራራ እንደያዘ ቆዳው ላይ አሸዋለሁ። አንዳንዱ ነጠብጣብ ተነቅሎ ቆዳው ውስጥ ይቀበራል፣ ከዚያ ወዲያ ቆዳዬ ማለስለሻ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሐሙስን የፈጠርኩት በገዛ እጄ ነበር ማለት ነው። ይህ ውሃ በሌላ በኩልም ያጠቃል፤ ሳሙናውን ይበላዋል። አረፋው አይቆምም፣ ፊት ላይ ይሟሽሻል፣ ጺሙ ሳይለሰልስ ምላጩ ይደርሳል። የኤም አይ ቲውን ፍርፋሪ እዚያው በነፃ ታገኘዋለህ።

ሎሚው የመጣው እንግዲህ በዚህ ነው። የማንቆርቆሪያን ካልሲየም ኮምጣጤ ወይም ሎሚ እንደሚያስለቅቀው እናቴ ስታደርግ አይቻለሁ፤ እውነትም ነጠብጣቡን አስለቀቀው። የረሳሁት ምላጩ ማንቆርቆሪያ አለመሆኑን ነው። የድሮ ምላጭ የካርቦን ብረት ነው፣ እንደ ዘመኑ የወጥ ቤት ቢላ አይዝጌ አይደለም። አሲድ ሲነካው ይጠቁራል። ጎኑ ቢጠቁር መልኩ ነው፣ ጉዳት የለውም፤ ችግሩ ስለቱ ነው። አሲዱ መጀመሪያ የሚበላው ቀጭኑን ነው፣ ከሁሉ ቀጭኑ ደግሞ ስለቱ ነው። ጋሼ ጋ ተሸክሜው ስሄድ ወደ ፀሐይ አቀኑት፣ ነጩ ክር ተመልሶ መጥቷል።

«በምን አጠብከው?»

«በሎሚ።»

«ሎሚ ለፉል ነው» አሉኝና መለሱልኝ።

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ 4000 ላይ ተመልሼ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ውሃ በበጋ እኩለ ቀን ላይ ያለ ምድጃ ለመላጨት ይበቃል፤ እኔ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሳይነሳ ስለምላጭ ትንሽ አሞቃለሁ። ፊቴን ከቧንቧው ውሃ ጋር ተውኩት፣ ለምዶታል። ሳሙናውን የማሟሟበትንና ምላጩን በመጨረሻ የማለቀልቅበትን ግን ቀየርኩ። ሰዓት ሠሪው የባትሪ ውሃ ተጠቀም አለኝ። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ምንም የሚያስቀረው ካልሲየም የለውም፣ ሐሳቡ ልክ ነበር። (አሲዱን ሳይሆን ውሃውን። ሻጩን ሁለቴ ጠይቁት፤ ሎሚ ያደረገውን አይቻለሁ።) አንድ ወር ሠራሁበት። ከዚያ ውድ መሰለኝና ተውኩት፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር የውሃው ዓይነት ሳይሆን ጠብታው ስለቱ ላይ እንዳይደርቅ መቅደም መሆኑ ገባኝ። ውሃ የሚጎዳው ሲደርቅ ነው። ሳይደርቅ ከተጠረገ ካልሲየሙም አብሮ ይሄዳል።

ጠረጋው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በፎጣ ጨብጦ መጎተት የለም። ፎጣው ክር አለው፣ ክሩ ስለቱን ይይዘዋል፣ ስለቱ ደግሞ ጣትን። ሶፍት አራት እጥፍ አጥፌ ምላጩን የግራ እጄ አመልካች ጣት ላይ በጀርባው አስተኛዋለሁ። ከጀርባው ጀምሬ ወደ ስለቱ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ እስኪያልፍ። በስለቱ ርዝመት በፍጹም አልሄድም፤ ከስለት ወደ ጀርባም አልመለስም። ከዚያ ገልብጬ ያንኑ በሌላው ጎን። ሶፍቱ ላይ የቀረውን እርጥበት አያለሁ፣ እስኪጠፋ ሦስት አራት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ሚስማሩ ያለበትን አንገት ነው፣ ውሃ እዚያ ይደበቅና ምላጩ ሲታጠፍ ወደ ስለቱ ይወርዳል። የሶፍቱን ጥግ ጠቅልዬ እዚያ እሰካለሁ። ቀጥሎ ሸራው ላይ አሥር ምልልስ፣ ለማድረቅ ብቻ። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። መጋላ ካለ ልብስ ሰፊ በትንሿ ጠርሙስ የገዛኋት ናት፤ ሦስት ዓመት አልፏታል፣ ገና ግማሽ ናት። ምላጩን ሳላጥፈው፣ ልጆች የማይደርሱበት ቁም ሣጥን ላይ እስከ ማታ ተዘርግቶ ይውላል።

ሌሎቹ ጥንቃቄዎች አጫጭር ናቸው። ምላጭ ከእጅ ሲወድቅ ለመያዝ አይሞከርም። ብረቱ ይሰበር፣ እጅ ይቅር። ስለቱ ቧንቧ፣ ብርጭቆ፣ የኩባያ ከንፈር እንዳይነካ። እኔ አንዴ የሳሙናዬ ኩባያ ላይ ኪው አድርጌው የሰሊጥ ሩብ የማታህል ጉርድ ለማጥፋት አንድ ሙሉ ቅዳሜ 1000 ላይ ተደፍቼ ውያለሁ።

ሐሙስ ተፈታ። ምላጩ ድንጋይ ሳያይ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር ሄደ። ታኅሣሥ ላይ ለቁልቢ የሚመጣው ሰው ከተማውን ሲሞላው ሰዓት ሠሪው «ስለትህ ደረሰልህ አይደል፣ ታዲያ ለገብርኤል ምን ታስገባለህ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ስለት ስለትን ይጠራል አማርኛችን ውስጥ።

ግንቦት ላይ ግን ነጠብጣቡ ተመለሰ።

ነጭ አልነበረም አሁን፣ ቡኒ ነው፣ ዝገት። አበድኩ። አንድም ቀን ሳልጠርገው፣ ዘይት ሳልቀባው ቀርቼ አላውቅም። ተመልሼ ማጉያው ጋ። ጓደኛዬ አየና አየና ምላጩን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጠፈው።

«ዝገቱ ያለው እጀታው ውስጥ የሚገባው ጋ ብቻ ነው» አለ። «ከእጀታው ውጪ የሚቀረው አንገቱ ላይ ምንም የለም።»

እጀታው ቢጫና ቡኒ የተዥጎረጎረ፣ የኤሊ ድንጋይ የሚመስል ውብ ነገር ነው። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ካፉር ካፉር ይላል፣ ከካፉሩ ሥር ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለ። ስገዛው ጀምሮ ነበረ፣ የአሮጌ ሣጥን ሽታ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሴሉሎይድ ነው። የዛሬ ፕላስቲክ ሳይመጣ በፊት ዝሆን ጥርስና የኤሊ ድንጋይ ለማስመሰል ይጠቀሙበት የነበረ፣ ከናይትሮሴሉሎስና ከካፉር የሚሠራ ነገር። ሲያረጅ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ የናይትሮጂን ኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፣ እና ይሄ ድሬ ነው። ግንቦትና ሰኔ 35 ዲግሪ በምትገባ ከተማ ውስጥ ምላጬን በዘይት ቀብቼ፣ አሳምሬ፣ በየምሽቱ አሲድ ቤት ውስጥ አስተኛው ነበር። ምላጩን ቀን ቀን ተዘርግቶ መዋሉ ያተርፈው ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ግን «እንዳይቆርጥ» ብዬ አጥፈው ነበር።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ሴሉሎይድ ክፉኛ ይቀጣጠላል። አንዳንዱ ሰው ለመለየት የጋለ መርፌ ያስነካል ሲባል ሰምቻለሁ። አፍንጫ ይበቃል።

ሚስማሮቹን ሞርጄ ምላጩን አላቀቅኩት። ዝገቱ ስለቱ ላይ ሳይገባ ስለደረስኩ 8000 ላይ ወጣ፤ ጎኑ ላይ የቀሩት ጥቁር ጉድጓዶች ይኑሩ። እጀታውን መጣል አልቻልኩም፣ ቆንጆ ነው፤ ግቢ ውስጥ ክዳን በሌለው ጣሳ ከሁሉ ብረት ርቆ ተቀምጧል። አዲሱን ከበሬ ቀንድ እንዲሠራልኝ የቢላ እጀታ ለሚሠራ ሰው ሰጠሁ። ቀንድ አሲድ አያወጣም። ትንሽ ይጣመማል፣ ብል ይበላዋል ይላሉ፤ እሱን ከዘይቱ ጠርሙስ ጎን የምትቀመጥ ናፍታሊን ትጨርሰዋለች። ማክሰኞ ይደርሳል አለኝ።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ነው፣ ያውም የሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ። ምላጩ ዘይት በጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ እጀታ አልባ ተኝቷል፣ እኔም በወረቀቷ ምላጭ ላለመነካት እልህ ገብቼ ጺሜ ጉንጬን ሞልቶታል። ትናንት ጉምሩክ በር ላይ ሁለት ሰው እጄን ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ያጥናህ፣ ማን ነው?» ብሎኛል። ለአንደኛው አስረዳሁት። ሁለተኛው ቸኩሎ ስለነበር «አሜን» ብዬ አለፍኩ።